በአንድ ቀን ፈቃድ አምስት ቀን

መጋቢት 12፣ 2017፣ ዓርብ። ሰመራ

ኃላፊያችን አቶ ባንተይርጋ ዛሬ በገዛ እግራቸው ቢሮዬ መጡ። በገዛ እግራቸው የሚመጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የእሳቸው ቢሮ ኤሲ ሲበላሽና በዓል ሲቃረብ። ኤሲው ደግሞ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ሲያጓራ ይሰማል።

«ሮማነወርቅ፣ ሚያዝያን አየሻት?» አሉኝ፣ ጎረቤት እንደሚያማ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አላያትም? የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ዝርዝርና የፊርማ መዝገብ እኔ እጅ ነው ያለው። ሌላው ሰው ዓመት ሲለወጥ እንኳን አደረሰህ ይባባላል፤ እኔ ካላንደር ገልጬ በዓላቱ ምን ቀን ላይ እንደዋሉ አያለሁ። የዘንድሮዋ ሚያዝያ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛ ተብላ በልክ የተሰፋች ናት። ሐሙስ 23 የሠራተኞች ቀን፣ ዝግ። ሰኞ 27 የአርበኞች ቀን፣ ዝግ። ቅዳሜና እሑድ እንደ ልማዳቸው። መሐል ላይ አንዲት ዓርብ፣ ሚያዝያ 24፣ ብቻዋን ተቀምጣለች። እሷን በፈቃድ የያዘ ሰው በአንድ ቀን ፈቃድ አምስት ቀን ያርፋል።

የሠራተኞች ቀን ላብ አደሩ የሚታሰብበት ነው ይባላል። ሰመራ ላይ ሁላችንም ላብ አደሮች ነን፤ ብንሠራም ባንሠራም።

«ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ይቅር» አሉ አቶ ባንተይርጋ። በእኔ መዝገብ «ቀሪ» ማለት ከሥራ የቀረ ነው፤ በእሳቸው አነጋገር ደግሞ ሥራ ላይ የሚቀር። ቃሉ አንድ መሆኑ ስለ መሥሪያ ቤታችን ብዙ ያስረዳል።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ያን ሰሞን መስክ ነኝ።»

«የት?»

«እሱን እያጠናነው ነው።»

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ሩጫ። እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ሰው ለዓርብ 24 ፈቃድ ጠየቀ። ግማሹ ረመዳን፣ ግማሹ ሁዳዴ ይዟል፤ ለሥራ ሲጠራ ጉልበቴ የሚለው ሁሉ ለፈቃድ ሦስተኛ ፎቅ በሩጫ ይወጣል።

የዕቅድ ክፍሉ እንድሪያስ የአያቱ ተዝካር አለበት። ይህቺን አያት ለመስቀል ቀብረናታል፤ ለጥምቀትም ደግመን ቀብረናታል። «የትኛዋ ናት?» ስለው «የእናቴ እናት» አለኝ ሳያፍር። የመስቀሏስ? «የአባቴ እናት።» የጥምቀቷስ? ትንሽ አሰበና «እሷ ያሳደገችኝ ናት» አለ። ፎርሙን ሰጠሁት። እንዲህ የደከመ ሰው ዕረፍት ይገባዋል።

የእኔ ግን እውነተኛ ምክንያት ነው። ባሌ ፍሬምናጦስ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከጅቡቲው መንገድ ዳር ጎማ ቤት አለው። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው፤ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ የምንገናኘው በበዓል በበዓል ነው። ሰው ሁሉ «ዝውውር ለምን አትጠይቂም?» ይለኛል። ጠይቄአለሁ። ማለቴ፣ ልጠይቅ ነበር። አዋሽ ጽሕፈት ቤታችን ላይ የእኔው ዓይነት መደብ ሁለት ጊዜ ክፍት ሆኖ ማስታወቂያውን አዘጋጅቼ የፈረምኩት እኔው ነኝ። ነገር ግን የምዝገባው ሰሞን፣ ሁለቱንም ጊዜ፣ ሥራ በጣም በዝቶብኝ ነበር።

ከሰዓት ኮሪደር ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ልጅ በካላንደር አይመጣም» አለች አንደኛዋ። ስለ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ሳልፍ ዝም አሉ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ከተማው አንገቱን አንጋጦ ዋለ። ጨረቃዋ ዛሬ ከታየች ዒድ ነገ እሑድ ነው፤ ካልታየች ሰኞ። እሑድ ከሆነ ዝግ ቀናችንን እሑድ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ጨረቃዋ እንዳትታይ አጥብቀው የሚጸልዩት የእኛ ሰዎች፣ የሁዳዴ ጿሚዎቹ ናቸው። እንድሪያስ ደውሎ «ደመና አይመጣም ብለሽ ነው?» አለኝ። ሰመራ ላይ። በመጋቢት። ደመና።

ታየች።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድን ዘሀራ ቤት ዋልኩ። ዘሀራ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትሠራ የመዝገብ ቤት ባለሙያ ናት፤ የባቲ ልጅ። ክፍሉ እኔና እሷ ብቻ ነን። አንዳችን መቀመጥ ስላለብን አምስት ዓመት ሙሉ በዓል ተቀያይረን ኖረናል፤ ለገና እሷ ትቆምልኛለች፣ ለመውሊድ እኔ። ዘንድሮ ገና ማክሰኞ ስለዋለ ሰኞንም ረቡዕንም ያለ አንድ ቃል ቆማልኛለች። የእሷ ዒድ ደግሞ ይኸው እሑድ ሆነ።

ጾም ላይ መሆኔን ስለምታውቅ የምስር ሳምቡሳ ለብቻ ጠብሳ በሌላ ሳህን አቀረበችልኝ። «ዘይቱም ሌላ ነው፣ እንዳትጠረጥሪ» አለችኝ። ታናሽ እህቷ አሪፋ የእጇ ሒና ሳይደርቅ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገቻት ዘሀራ ናት፤ ሰመራ ድረስ ይዛት መጥታ፣ አስተምራ፣ ልብስ ሱቅ አስገብታታለች።

«ሮሚ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች ዘሀራ። «የአሪፋ ኒካህ ቀን ተቆርጧል። ባቲ፣ ሚያዝያ 24፣ ከጁምዓ በኋላ። ልጁ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ከዚያ ሌላ ቀን አይመቸውም። ሐሙሱ ዝግ ነው፤ ዓርቡን ብቻ ብትቆሚልኝ።»

አፌ ውስጥ ሳምቡሳ ነበር። «ምን ጥያቄ አለው! እኔ እያለሁ?» አልኳት። አሪፋ ሮጣ መጥታ ሳመችኝ፤ ሒናው ሻሼን ነካው።

በባጃጅ ስመለስ ነው ዓርብ 24 የትኛዋ ዓርብ እንደሆነች ትዝ ያለኝ።

ውሸት ነው። ሳምቡሳውን ሳልውጥ ትዝ ብሎኝ ነበር።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ከሠላሳ አራት ሠራተኛ ሠላሳ አንዱ ዓርብ 24ን ጠይቋል። ካልጠየቁት ሦስቱ አንዷ ወሊድ ላይ ናት። ሁለተኛው አቶ ባንተይርጋ ናቸው፣ መስክ። ሦስተኛዋ እኔ።

በቃሌ ጸንቻለሁ። ደግ ሰው መሆን ደስ ይላል፤ ከዚህ በፊት ለምን አዘውትሬ እንዳልሞከርኩት አላውቅም። ለፍሬ ግን ገና አልነገርኩትም። ስለ አምስቱ ቀን የነገርኩት ከዒድ በፊት ነበር፣ ደስ ብሎት ነበር። ቢያንስ «ጥሩ ነው» ብሎኛል።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ፍሬ ደወለ።

«ለፋሲካ ባትመጪ ምን ይመስልሻል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የፋሲካ ሰሞን መኪናው ብዙ ነው። ጎማ በዓል አያውቅም። ያቺ አምስት ቀን አለች አላልሽም? ያኔ ተረጋግተን እንቀመጣለን።»

ልክ ነው። ለፋሲካ ብሄድ የማገኘው ሁለት ቀን ተኩል ነው፤ ለዚያኛው አምስት። አስቦልኝ ነው።

«አስቦልኝ ነው» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር፣ ሁለቱን ሰረዝኩ።

አሁን ግን ያቺ ዓርብ ከሌለችኝ ፋሲካም የለኝም፣ አምስት ቀንም የለኝም። ከጥምቀት ወዲህ አላየሁትም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ለአንድ ሰው ዶሮ መሥራት ማለት አሥራ ሁለት ብልት ከራስ ጋር መካፈል ማለት ነው። ፈረሰኛውን ለማን ልስጥ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። በላሁት።

ከሰዓት ዘሀራና አሪፋ ለስላሳ ይዘው እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ መጡ። አሪፋ የቀሚሷን ፎቶ በስልክ አሳየችኝ፤ ክንዱ ላይ ወርቃማ ጥልፍ አለው። ዘሀራ «ሐሙስ ጠዋት ከሎግያ መኪና አይጠፋም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይጠፋም» አልኳት።

ውሸት አይደለም። መኪናው አይጠፋም።

ሲወጡ ለፍሬ ደወልኩ፣ አያነሳም። ከአንድ ሰዓት በኋላ «መልካም በዓል» የሚል መልእክት ላከ። ይህንኑ መልእክት ስልክ ድርጅቱም ልኮልኛል፤ የእነሱ አበባ አለበት።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ዝርዝሩ ዛሬ ይለጠፋል። ቸኩያለሁ።

ክፍል አሥራ አንድ። ተቀማጭ አሥራ አንድ።

ሰው ሀብት፣ ሁለት ሰው። አንዷ ትሄዳለች፣ አንዷ ትቀመጣለች።

ጻፍኩ። አተምኩ። አቶ ባንተይርጋ ሳያነቡ ፈረሙ። ለጠፍኩ።

ዘሀራ ጥርሷን አሟት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። በዚያው ሰዓት መለጠፌ አጋጣሚ ነው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ጠዋት ዘሀራ ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመች። በመስኮት አያታለሁ። ከዚያ ገባች።

«ሮሚ፣ እኔን ተቀማጭ አድርጎኛል፣ አንቺን ፈቃድ። ተሳስተው ነው?»

«ኃላፊው ናቸው» አልኳት። «እኔ እንኳን ብዙ ተከራከርኩ።»

ተከራከርኩ! ከማን ጋር? ከፕሪንተሩ ጋር። ወረቀት ነክሶብኝ ነበር።

አየችኝ። ዓይኗን ከእኔ ላይ ቶሎ አላነሳችም። «እሺ፣ ኸይር ነው» አለችና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፋይል መደርደር ጀመረች። ቀኑን ሙሉ የአንዲት ፊደል ተራ አልሳተችም። ብትጮህብኝ ምናለበት?

ምክንያቴን እዚህ ላስቀምጠው፦ ትዳር ከሠርግ ይበልጣል። ኒካህ የአንድ ሰዓት ነገር ነው። አሪፋ ባቲ አጎትም አክስትም አላት። ዘሀራ ባትኖር ጋብቻው አይፈርስም።

ተጽፎ ሲታይ የመንግሥት ደብዳቤ ይመስላል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ። አዋሽ

ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ በመሥሪያ ቤቱ በር ሳልፍ ዘበኛችን ሁመድ ጠራኝ። የአሳይታ ሰው ነው፣ ሲስቅ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም።

«እናንተ በዓል ሲመጣ ከተማውን ጥላችሁ ትሮጣላችሁ» አለኝ። «ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ?»

«ዘጠኝ።»

«የራስሽን በዓል አንድ ቀን እዚህ አክብረሽ አታውቂም።»

«ፋሲካን እዚህ አይደል የዋልኩት?»

«በር ዘግተሽ» አለ።

መኪናው ሚሌ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ቆመ፣ ገዋኔ ላይ ደግሞ ሹፌሩ በፍየል ዋጋ ለመከራከር። ፍየሏን ሳይገዛ ሰዓት አስፈጀን፤ ተሳፋሪው ሁሉ አማካሪ ሆኖ ነበር። አዋሽ ስደርስ ፍሬ ከተሳቢ ሥር ነበር፣ እግሩ ብቻ ይታያል። እግሩን ሰላም አልኩት።

ቤቱ ታጥቧል። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ታጥበው ተደፍተዋል። ልንተኛ ስንል ሁለተኛውን ትራስ ከቁም ሳጥን አናት፣ ከፌስታል ውስጥ አወጣው። ፌስታሉን አጥፎ መልሶ አስቀመጠው።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ያቺ ዓርብ።

ፍሬ እስኪመሽ ሠራ። እኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ መኪና ስቆጥር ዋልኩ። ከመስጊዱ የወጣው ሰው በጎማ ቤቱ በር ሲያልፍ ሰዓቴን አየሁ። ያለ ምክንያት።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ተጣላን። የተጣላነው በጨው ነው፤ ማለትም ጨው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። «የገዛ ቤቴ ውስጥ ጨው መጠየቅ አለብኝ?» አልኩት። «የገዛ ቤትሽ ነው?» አለኝ። በክፋት አልነበረም፣ ጥያቄ ነበር። እሱ ነው የከፋው።

ለጠብ ጥሩ ቀን ነበር፤ ከፊታችን ገና ሁለት ዝግ ቀን አለ።

«ዝውውር ከልክለውኝ እንጂ» ብዬ ጀመርኩ።

«ማስታወቂያውን አይቼዋለሁ ሮማኔ።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«የሰው ሀብት ባለሙያ፣ አዋሽ። ካቻምና አንዴ፣ አምና አንዴ። እዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሥሩ ፊርማሽ አለ።»

ጨው እጄ ላይ ነበር። አገኘሁት ለካ።

«አይተህ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ ጽፈሽው ለምን ዝም አልሽ?»

ውጭ አንድ ሹፌር «ጎማ!» እያለ ይጣራል፣ ፍሬ አልወጣም። ጎማ ሲጠራው ሳይወጣ ሲቀር አይቼ አላውቅም።

«አንቺ በዓል ሆነሻል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከመምጣትሽ በፊት ቤት አጥባለሁ፣ ከሄድሽ በኋላ ሁለት ቀን እተኛለሁ። እንዳትመጪ አይደለም የምፈራው። መጥተሽ ሌላውን ቀን እንዳትጠዪው ነው። አሁን ቢያንስ በዓሉን እንወደዋለን።»

ልክ እኔ የማስበውን ነው የተናገረው። እኔ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ማለትም አስቤዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ በምዝገባው ሰሞን።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ። መኪና ውስጥ

ተመለስኩ። «ነገ እኮ ዝግ ነው» አለኝ ፍሬ። «ካላንደር ለእኔ ትነግረኛለህ?» አልኩት። ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ተሸከመልኝ። ሁለታችንም ደግ ነበርን፣ እንደ ለቀስተኛ።

አምስቱን ቀን ሦስት አድርጌ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ። ሰመራ

የፊርማ መዝገቡን ከፈትኩ። ዓርብ፣ ሚያዝያ 24። ተቀማጭ አሥራ አንድ።

ፊርማ፦ አንድ። ዘሀራ። ጠዋት መግቢያ፣ ምሳ መውጫ፣ ከሰዓት መግቢያ፣ ማታ መውጫ። አራቱንም በጥሩ ጽሕፈት።

ሌላ ማንም አልመጣም። አሥሩ ተቀማጮች ዝርዝሩን ከሰሌዳው አንብበው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት፣ ጓደኛዬን የሸጥኩበት ዝርዝር፣ ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር የሠራው።

ሁመድ ነገረኝ። የዚያን ዕለት አንድ ባለጉዳይ ብቻ መጥቷል፤ ለጡረታ ደብዳቤ ከአሳይታ የተነሣ ሽማግሌ። ፈራሚ የለም። ዘሀራ ወንበር ሰጥታ፣ ሻይ አስመጥታ፣ ኃላፊ ስልክ ላይ ስትደውል ዋለች። መስክ አይሰማም። ሽማግሌው ከሰዓት ባዶ እጁን ወደ አሳይታ ተመለሰ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ ስልኳን መስኮቱ ላይ አቁማ ኒካሁን ታይ ነበር። ኮሪደሩ ባዶ ስለሆነ እስከ በሩ ይሰማል» አለ ሁመድ። «ልጅቷን ወደሽዋል ወይ ብለው ሊጠይቋት ሲሉ ኔትወርኩ ሄደ። እኔ የራሴን ስልክ ሰጠኋት። የእኔም አልሠራም።»

እንድሪያስ ከሰዓት መጣ፣ ከተዝካሩ በፀሐይ ጠቁሮ። «የዓርቧን ፊርማ መቼ ነው የምናስተካክለው?» አለኝ። እሱ ተቀማጭ ነበር።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

አቶ ባንተይርጋ አስጠሩኝ። ለሦስተኛ ምክንያት መምጣት ስለማያውቁ እኔ ሄድኩ።

«የወሩ ሪፖርት ይላካል። አሥሩንም አስፈርሚያቸው።»

«አልመጡም እኮ።»

«ሮማነወርቅ። ሁልጊዜ እንዴት ነበር የምናደርገው?»

«ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማስፈርመው» አልኩ።

እውነት ነው። ዘጠኝ ዓመት። ጥምቀት፣ መስቀል፣ ዒድ፣ የኳስ ጨዋታ። የእጄ ቀይ እስክሪብቶ የደረቀው ሥራ ስላልሰጠሁት ነው። ዛሬ አዲስ አስመጥቼ በአሥሩ ስም ፊት «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ፣ እሳቸው እያዩ። በእሳቸውም ስም ፊት ጻፍኩ። የመስክ ማዘዣ አልነበራቸውም፤ ማዘዣ የምሠራው እኔ ነኝ።

«ምን ነካሽ?» አሉኝ።

ጀግና ነበርኩ ብዬ ልጽፍ ነበር። ጀግና አይደለሁም፣ ተናድጄ ነው። በማን እንደሆነ ግን ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ መጀመሪያው ላይ ያለው ስም ደግሞ የእኔ ነው።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ለዘሀራ ነገርኳት። በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ።

«ኃላፊው አይደሉም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ፋይሏን ሳትዘጋ። «እሳቸው የማንን ስም ያውቃሉ?»

«ዘሀራ፣ ይቅርታ።»

ያኔ ቀና አለች። «ዝርዝሩ አይደለም የጎዳኝ ሮሚ። ፋሲካ ቀን ቤትሽ ተቀምጬ መኪና አይጠፋም ወይ ስልሽ አይጠፋም አልሽኝ። ባሌ ናፍቆኛል፣ ዓርቧን ተይልኝ ብትይኝ እኮ እተውልሽ ነበር። አሪፋን ለምኜ፣ ልጁን ለምኜ ቀን አስለውጥ ነበር። አልጠየቅሽኝም።»

ይህን የሚመልስ ቀልድ የለኝም። ፈለግሁ።

«ወደደችው?» አልኳት መጨረሻ ላይ። «ሲጠይቋት።»

«ዝም አለች ይላሉ» አለች ዘሀራ። «ዝምታ እሺታ ነው። እኔ ግን ዝምታዋን አልሰማሁትም።»

ወደ ፋይሏ ተመለሰች።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ደብዳቤ ደረሰኝ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ከግንቦት 13 ጀምሮ ወደ አዋሽ ጽሕፈት ቤት ተዛውረው እንዲሠሩ…»

አቶ ባንተይርጋ እንደ አባት ፈገግ ብለው ሰጡኝ። «ትዳርሽን አስበን ነው» አሉ። ቅጣት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። መሥሪያ ቤቱ ግን አያውቅም፤ ሁሉም እየመጣ ደስ አለሽ ይለኛል። የኮሪደሯ ሴት አቅፋኝ አለቀሰች። እንድሪያስ «ስለት ተስለሽ ነበር?» አለኝ። መዝገቡ አዲስ ተረካቢ ተሰጥቶታል፤ አሥሩም ፈርመዋል፣ በአንድ እስክሪብቶ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እየለመንኩ ነው ስል የኖርኩትን ነገር በቅጣት ሰጡኝ። እግዚአብሔር ቀልድ ያውቃል።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ለፍሬ ለመደወል ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

«ፍሬ፣ ልመጣ ነው።»

«የምን በዓል ነው?» አለ ወዲያው።

«በዓል አይደለም። ማክሰኞ ነው።»

ከኋላው ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል። አጠፋው።

«እስከ መቼ?»

«ደብዳቤው ላይ አልተጻፈም።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የእሱን ዝምታ ግን ሰማሁት፣ ኔትወርኩ ጥሩ ነበር። እሺታ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

«ጠዋት ነይ» አለ በመጨረሻ። «ከሰዓት ሙቀት ነው።»

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ቁልፍ አስረከብኩ። ዘሀራ ሰላም ሳትለኝ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ሁመድ ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ሲጭን እሷ እጇን አጣምራ ቆመች።

«አሁን ለዒድ አል-አድሐ ማን ነው የሚቆምልኝ?» አለች ተቆጥታ።

ያለቀስኩት ላድር ሎግያ ደርሼ ነው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። አዋሽ

እኩለ ቀን ሲቃረብ ደረስኩ። ፍሬ የመኪና ሞተር ውስጥ እስከ ክርኑ ገብቶ ነበር። ሹፌሩ እየተጣደፈ ይጨቀጭቀዋል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ለበዓል እንደሚያደርገው ወደ እኔ አልሮጠም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

«ምሳ በላሽ?» አለኝ።

«አልበላሁም።»

«እኔም።»

ሹፌሩ ሁለታችንንም አየና «ሠራተኛ ቀጥረሃል እንዴ?» አለው።

«ሚስቴ ናት» አለ ፍሬ። ቃሉን ያወጣው ቀስ ብሎ ነው፣ አዲስ ጎማ መንገዱን እንደሚሞክር። ከዚያ እጁን በነዳጅ ታጠበና ሻንጣዬን ሊያነሳ መጣ። ከባድ ነበር። ምን ይዘሽ ነው አላለኝም።

ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ፓስታ በላን። ስለ ሹፌሩ አወራን፣ ስለ ሙቀቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከዚህ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ። ሒሳብ ሲጠራ አስተናጋጇ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ስንት ቀን ትቆያለሽ?» አለችኝ፤ በየበዓሉ ታውቀኛለች። ፍሬ አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

ነገ ረቡዕ ነው። የሥራ ቀን።